ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋይና ስለ ሶንጎ

ፊደል ያልነበረው ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ስሕተት መሆኑን ለመረዳት የሚሻ ወጣት ከዲላ ከተማ በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብታዎች ይውጣ። በጌዴኦ ምድር፣ በእንሰቱና በቡናው መካከል፣ ከ6000 የሚበልጡ ትክል ድንጋዮች አሉ። ጨልባ ቱቱቲ በሚባለው ስፍራ ካሉት ውስጥ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ማለት የአራት ሰው ቁመት የሚያህል ይገኛል።

በቱቱ ፈላ ያሉት አጠር ያሉ ሲሆኑ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። በአንዳንዱ ላይ ፊት፣ ክንድና የጎድን አጥንት ተቀርጾበታል፤ ሌላው የወንድነት አካል ምስል ነው። እዚህ ላይ የሚያፍር አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ለጠራቢዎቹ ዘር መተካት የክብር ነገር እንጂ የነውር ነገር አልነበረም። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ ኋላ የመጡ ሰዎች የቀድሞዎቹን ድንጋይ አንሥተው የሰው መልክ ቀርጸውበታል። ስለዚህ አንዱ ድንጋይ የሁለት ዘመን ሥራ ይዞ ይታያል።

ሳካሮ ሶዶ የሚባለው ስፍራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 በወጣ ጥናት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ላይ ተመድቧል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጠራቢዎቹ ስም ግን ለእኛ አልደረሰም።

በኒው ዚላንድ የሚኖሩት ማኦሪዎችም ቀድሞ ፊደል አልነበራቸውም። ነገር ግን በመሰብሰቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተቀረጸው እንጨት የአባቶቻቸው መልክ ነው፤ የቤቱም ሰዎች ይህ እገሌ ነው ብለው በስሙ ይጠሩታል። ቅርጹ ስሙን የያዘው በየጊዜው ከፊቱ ተቀምጦ የሚናገርለት ሰው ስላለ ነው።

ለጌዴኦ እንዲህ ያለው ቦታ ሶንጎ ነው። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ የመሬትና የደም ነገር የሚመረምሩበት አደባባይ ነው። ዛፉ አይቆረጥም። ባሌ በሚባለው ሥርዓታቸው ደግሞ የአባ ገዳው ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ለተተኪው ይተላለፋል። ሥልጣን በጊዜ መልቀቅን ብዙ መንግሥታት በስንት መከራ ሲማሩት፣ እነዚህ ገበሬዎች ልማድ አድርገውታል።

ዛሬ አብዛኛው ጌዴኦ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። አንዳንዱ ወጣት ይህን ሁሉ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ያልፈዋል። እምነቱን አልነቅፍበትም፤ ነገር ግን በጥላው ሥር የሚሰጠው ፍርድና ዕርቅ አምልኮ አይደለም።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያም ወዲህ ተማሪዎችን ስለ አክሱም ሐውልት ብጠይቃቸው ቁመቱን፣ ወደ ሮማ መወሰዱንና በ1997 ዓ.ም. መመለሱን ነገሩኝ። ስለ ጨልባ ቱቱቲ ስጠይቃቸው ግን አንዲት ልጅ ብቻ፣ «አያቴ ያውቃሉ» አለችኝ።