ነጋዴ ነበሩ አሉኝ

በእኛ አገር የደጃዝማች ዘር ያልሆነ ሰው ማግኘት ችግር ነው። ሠርግ ቤት ሂዱ፣ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ጠብቁና አንዱን «አያትህ ማን ነበሩ?» በሉት። ወይ ፊታውራሪ ናቸው፣ ወይ ግራዝማች ናቸው፣ ቢያንስ ቢያንስ የአጥቢያ ዳኛ ናቸው። አንዳንዴ ሳስበው፣ ይኼ ሁሉ ደጃዝማች ግብር አዳራሽ ተሰይሞ ሥጋ ሲቆርጥ በሬውን ያረባው፣ ጤፉን ያረሰው፣ እንጀራውን የጋገረችው የማን ቅድመ አያት ናት? እላለሁ። የአራሹ ዘር ጨርሶ ጠፍቶ የበላተኛው ብቻ ተባዝቶ ካልሆነ በቀር ሒሳቡ አልመጣልኝም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ዘር መቁጠር በሰሜኑ አገር ዛሬ እንደምናስበው የኩራት ጨዋታ አልነበረም፤ የመሬት ሰነድ ነበር። ርስት የሚገኘው ከመሬቱ አቅኚ አባት መወለድን በማስረዳት ስለሆነ፣ በእናትም በአባትም ወገን እየተቆጠረ ስለሚመጣ፣ ሐረጉን የማያውቅ ገበሬ በክርክር ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ያ ማንበብ የማይችል ገበሬ በቃሉ የያዘው የዘር መዝገብ ምን ያህል እንደሆነ ይገረማል። ታዲያ መዝገቡ የሚይዘው ለዳኛ የሚጠቅመውን ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት እገሊትን ወለደች። እገሌ በሕይወቱ ምን ሠራ፣ በምን ኖረ፣ ወገቡን ምን አጎበጠው የሚለው ለክርክሩ ስለማይረዳ ከሐረጉ ውጭ ይቀራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ደግሞ ሐረጉ ራሱ ሥራ ፈታ፤ የሚቆጥሩት ሽማግሎችም ሰሚ አጡ።

መንግሥትማ ከነጭራሹ አልመዘገበንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኖረዋል፣ ልደትና ሞት በመዝገብ ይሰፍራል ብሎ ነበር። እዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ግን የመዝገቡ ነገር ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። ቆየ። አገር አቀፉ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ 56 ዓመት ቆየ ማለት ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራም የ1976ቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጠይቅ ያለ ሰው ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፦ ቄሱ የሚያውቁት የክርስትና ስሙን፣ ቀዬው የሚያውቀው የዓለም ስሙን። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁት ደግሞ ሰውየውና የንስሐ አባቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ሞተዋል።

ስለዚህ የእናቴን አያት ታሪክ ለማወቅ የነበረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ነጋዴ»። የአጽቢ ሰው ነበሩ፤ አጽቢ በምሥራቅ ትግራይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስ ያርሱ ነበር፤ ነጋዴም ነበሩ። ይኼው ነው። በ2002 ዓ.ም. ወደዚያ ወጥቼ የእናቴን የአጎት ልጅ አገኘኋቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ወጣትነታቸውን ደሴ በጉልበት ሥራ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ትግርኛ በብዙ ይሻላል።

«አቦይ፣ ቅድመ አያቴ ምን ነበር የሚነግዱት?» አልኳቸው።

«ነጋዴ ያለህ ማን ነው፣ ወደይ?» አሉና ሳቁ። «ነጋዴ እኮ ገንዘብ ያለው ነው። አቦ ሓጎይ የነበራቸው ጉልበት ነው። ጨው ይቆርጡ ነበር።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአጽቢ ደጋ ወደ ምሥራቅ ብትወርዱ፣ በበራህሌ አድርጋችሁ ገደል ለገደል ቀናት ተጉዛችሁ የምትደርሱት ከባሕር ወለል በታች መቶ ሜትር ከሚያልፍ ዝቅታ ላይ ነው፤ የአሳሌ ጨው ሜዳ። የጥንት ቀይ ባሕር ገብቶበት፣ ተኖበት፣ ጨው ጥሎ የሄደበት ምድር ነው፤ የጨው ክምሩ በአንዳንድ ቦታ ከኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። እዚያው አጠገብ ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። አማካይ ማለት ሌሊቱም ታኅሣሡም ተደምሮ ነው፣ ልብ በሉ።

ወደዚህ ነው የደጋው ገበሬ የሚወርደው። መቼ? ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፤ ከኅዳር ጀምሮ። እስከ መቼ? የክረምቱ እርሻ እስኪደርስ፣ እስከ ግንቦት። በሬ ሲያርፍ ሰው አያርፍም ማለት ነው። ጉዞው «አርሆ» ይባላል። አህያው፣ በቅሎው፣ ግመሉ ሲወርድ ጭድ ይጫናል፤ በመንገዱ ላይ በየማደሪያው ለመልስ የሚሆነው ጭድ እየተቀነሰ ይቀመጣል፤ ሲመለሱ ከብቱ ጨው ተሸክሞ ያንን እየበላ ይወጣል። የሰውየው ስንቅ ዱቄት ነው። ድንጋይ በእሳት ያግሉና ሊጡን ድንጋዩ ላይ ጠቅልለው ፍም ዳር ያስቀምጡታል፤ ከውስጥም ከውጭም ይበስላል። ብርኩታ ይሉታል። ምጣድ ተሸክሞ ገደል መውረድ የማይሆንለት ሰው የፈጠረው ዳቦ ነው፤ እኔ አቦይ ጋ በልቼው፣ ማጣፈጫ የለውም እንጂ ጣዕም የለውም አልልም።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጥረቢያ የጨዉን ንጣፍ ይሰነጥቁታል። ስንጥቁ ውስጥ ረዣዥም እንጨት ይሰኩና ወንዶቹ ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ባንድ ጊዜ ይጫኑታል፤ ትልቁ የጨው ሳንቃ ይነሳል። ከዚያ ጠራቢው ቁጢጥ ብሎ ባለ አራት ማዕዘን አድርጎ ይጠርበዋል። ፈንቃዩ ሌላ፣ ጠራቢው ሌላ ነው፤ የእናቴ አያት ፈንቃይ ነበሩ። ምድሩ የአፋር ነው፤ አፋር ሳይፈቅድ፣ አፋር መንገዱንና ውሃውን ሳያሳይ ደገኛ እዚያ አንድ ቀን አያድርም። ሥራውም ቢሆን የሁለቱ ሕዝቦች ነበር። ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ፀሐዩ ሲከር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚፈልገው ጥላ ብቻ ነው።

«እግራቸውን አልረሳውም» አሉኝ አቦይ። ሲሞቱ እሳቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የወያኔ ዓመት ነው የሞቱት፣ በ1935 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «ጨዉ ይሰነጥቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ቅቤ እየቀባን ክረምቱም አያድነውም ነበር። ሊድን ሲል ኅዳር ይገባል።»

እንግዲህ ይኼ ጨው ዝም ብሎ ጨው አይደለም፤ ገንዘብ ነው። አሞሌ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ወደ ወርቁ አገር ሲወርዱ ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ዋጋውን ይዘረዝራል፦ ጨዉ ከሚወጣበት አጠገብ ለአንዲት የወርቅ ሚዛን ከመቶ በላይ አሞሌ ይሰጣል፤ እየራቀ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ አሥር አይሞላም። ይህችን የአልቫሬዝ ዝርዝር ስንት ጊዜ አንብቤያት ነበር፤ የንግድ ታሪክ ነው ብዬ ነው የማልፋት። አሁን ሳያት ሌላ ነገር ትነግረኛለች። አሞሌው ርካሽ የሆነው የት ነው? ቆራጩ ያለበት ቦታ ነዋ! ዋጋ የሚያወጣው በየተራራው በተሻገረ፣ በየኬላው ቀረጥ በተከፈለበት ቁጥር ነው። ቅድመ አያቴ ከመሬት ገንዘብ እየፈነቀሉ ያወጡ ነበር፤ ቃሉን ሳላጋንን ነው፣ ገንዘብ። ገንዘቡ ግን ገንዘብ የሚሆነው እሳቸው ጋ ሳይሆን ሌላው እጅ ሲገባ ነበር። ምኒልክ መልካቸው ያለበትን ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ገበያውን ቶሎ አልለቀቀም፤ እሳቸው በጉልምስናቸው ዘመን ሁሉ አሞሌ እየተቆጠረ ሸቀጥ ይገዛበት ነበር።

ታሪክ ስለዚህ ቦታ አልጻፈም ማለት አይቻልም። የጨው ቅፍለቱን የሚያዘውና ቀረጡን የሚበላው ሹም «ባልጋዳ» የሚባል የከበረ ማዕረግ ነበረው፤ ባልጋዳ አርአያን የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ያነበበ ያውቃቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ እስከ ጨው ሜዳው ወርዶ ያየውን ነግሯል፤ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1814 በመጽሐፍ ያወጣለት ሄንሪ ሶልት ነው፤ የሰውየው ስም ትርጉሙ «ጨው» መሆኑን ማን በዕቅድ ያደርገዋል? ጣሊያኖች ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለዳሎል ፖታሽ ብለው ከመርሳ ፋጥማ ወደብ እስከ ኩሉሊ የባቡር ሐዲድ ዘርግተዋል። ሹሙ አለ፣ ፈረንጁ አለ፣ ባቡሩ አለ። እንጨቱን የሚጫኑት ሰዎች «ሠራተኞች» ተብለው ያልፋሉ። ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ዜና መዋዕሉንም ገድሉንም ለተማሪ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ አንዱ የንጉሥ ነው፣ አንዱ የጻድቅ ነው። ከሁለቱ አንዱን ላልሆነ ሰው የተበጀ የአጻጻፍ ዓይነት አልነበረንም።

ለምን ወረዱ? ብዬ ጠየቅሁ። አቦይ የሰሙት ይኼ ነው፦ «በሬዎቹ ያለቁ ጊዜ» አባታቸው ሁለቱንም በሬ በአንድ ሳምንት አጡ፤ የቀረች አንዲት አህያ ነበረች፤ ልጁ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ከአጎቱ ጋር አህያዪቱን እየነዳ ወረደ። በሬዎቹ ያለቁ ጊዜ ማለት ክፉ ቀን ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። በምጽዋ በኩል በገባ ከብት መጣ የሚባለው ያ በሽታ ገበሬው ስሙን ፈርቶ «ደስታ» ይለዋል። ደስታ በሬና ላም ይፈጃል፤ አህያና በቅሎ ግን አይነካም። ይቺን ነገር ሳገናኛት ታሪኩ በራልኝ። ሞፈሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር የምትንቀሳቀሰው አህያዪቱ ናት፤ አህያ ያለው ደግሞ የሚሄድበት አንድ መንገድ አለው፣ ቁልቁል። ዕድሜያቸውም በዚሁ ወጣልኝ፦ 1870 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ፣ በ1935 ሞቱ። ለስልሳ አምስት ዓመት ሕይወት ሁለት ቀን ያገኘሁት አንዱን ከከብት በሽታ፣ አንዱን ከአመፅ ነው።

በኋላ በሬ ገዙ። የእናታቸውን ድርሻ ርስት ተከራክረው አገኙ፤ በክርክሩ ጊዜ ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ አቦይ ዛሬም ሳይደነቃቀፉ ቆጠሩልኝ፣ ጻፍኩት። ከሰባቱ ስም በአንዱም ላይ «ጨው» የሚል የለም።

አዲስ አበባ ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። የምትደነቅ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፣ ቡናዋን እየቀዳች። «የአባትህ ሽማግሌዎች ሲመጡ ዘር ተጠየቀ። አባቴ ‹አባቴ ጨው ፈንቃይ ነበሩ› ይበል? ነጋዴ ነበሩ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?»

እኔ የእናቴን አባት አልፈርድባቸውም። የጨው ሥራ እንደ ቀጥቃጭና እንደ ሸክላ ሠሪ በዘር የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው ያወጁት ለነዚያ ነው። የእሳቸው ዕዳ ሌላ ነው፦ ርስት ያለው ሰው ለዕለት ዋጋ ጉልበቱን መሸጡ። የመሬት ባለቤት ነኝ ባይ ሁሉ የሚፈራት ነገር እሷ ነበረች። ጨው ይዞ ገበያ የሚወጣው ነጋዴ ግን ያንኑ ጨው እየነካ ይከበራል። ከ«ፈንቃይ» ወደ «ነጋዴ» የተደረገችው ሽግግር አንዲት ቃል ናት፤ አንድ ሠርግ አስኬደች፣ እኔም የተገኘሁት ከዚያ ሠርግ ነው።

አሁን መንገዱ ተለውጧል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አስፋልቱ ወደ ሐመድ ኢላ ወርዶ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ ይወስድ ጀመር። የገበታችን ጨው ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው የሚመጣው ከአፍዴራ ነው፤ አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥም ደንብ ወጥቷል። በ2013 የጀመረው ጦርነት ደግሞ ያንን አገር ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን። አቦይ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

ያኔ በሄድኩ ጊዜ ማሳውን አሳይተውኛል፤ ድንበሩ እስከ ዛሬ በድንጋይ እንደተለየ ነው። ጨው ይፈነቅሉበት የነበረውንስ ቦታ የሚያውቅ ሰው ይኖራል? አልኳቸው። «እሱ አይገኝም» አሉኝ። «የቆረጥከው ጉድጓድ ውሃ ይሞላዋል፣ ከዚያ ይደርቅና ጨው ይሆናል። በዓመቱ ስትመለስ አንተ ራስህ የት እንደቆረጥክ አታውቀውም።»