ለገሃርና ያልተዘረጋው የከፋ ሐዲድ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የምድር ባቡር ውል፣ መንገዱ በሦስት ተከፍሎ፣ ፊተኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሣልሳዩም ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ተወስኖ ነበር። ከፋ በዚያን ዘመን ገና በራሱ ንጉሥ በታቶ ጋኪ ሸሮቾ ይተዳደር ስለ ነበረ፣ ለምኒልክ መንግሥት የገባውም ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ ሐዲዱ በወረቀት ላይ ከጦሩ ቀድሞ አገራችን ከፋ ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ የሐረር ተራራ አስቸግሮ ስለ ተተወ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በፈረንሳዊው በፖል ባሪያ የተነደፈው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንጻ በ1922 ዓ.ም.፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ ተመረቀ። ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቶ ገጹን ወደ መዲናዪቱ ስለ መለሰ፣ ከባቡር የወረደ መንገደኛ አደባባዩን፣ በ1923ቱ የንግሥ በዓል የቆመውን፣ ፋሺስቶች ሮም ወስደውት በኋላ የተመለሰውን የይሁዳ አንበሳ፣ ከዚያም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ኮረብታ የሚወጣውን ሰፊ ጎዳና በአንድ ጊዜ ያይ ነበር።

በቶኪዮም ታትሱኖ ኪንጎ የነደፈው፣ በ1907 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ጡብ ጣቢያ እንዲሁ ገጹን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አቅንቶ ተሠርቷል። ነገር ግን ጃፓኖች በግርማው ብቻ ሳይረኩ፣ ከሰሜኑ የኡዌኖ ጣቢያ ይለየው የነበረውን ክፍተት በ1918 ዓ.ም. በሐዲድ አገናኙት። ለገሃር ግን ወደ ምዕራብ ሳይሻገር፣ መተላለፊያ ሊሆን የታሰበው መድረሻ ሆኖ ቀረ።

የዚህን ዋጋ የከፋው ቡና ከፍሏል። በከፋዋ ሺሺንዳ ከጫካው ጥላ ሥር የተለቀመው ፍሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ከሆነ በኋላ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ክረምት ሲገባ የጎጀብ ወንዝ ሞልቶ ቅፍለቱን ዳር ላይ እያሳደረ፣ ከዚያ ወደ ጅማው የሂርማታ ገበያ፣ ቀጥሎም ግቤን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ይጓዝ ነበር። ባቡር የሚያገኘው ይህ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ ነው። ቡናን ለዓለም ያበረከተ አገር ዕቃውን እንዲህ በጫንቃና በአጋሰስ ማውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መሥመርም በጅማ መንገድ ላይ ካለችው ከሰበታ አላለፈም። የለገሃር ሕንጻ በቅርስነት ተጠብቆ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ የ1886ቱ ውል ግልባጭ ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሦስተኛው ክፍል ከነከፋ ስሙ እንዲነበብ ለባለሥልጣኖቹ አሳስባለሁ።