የካሜራው ባለቤት ማነው?

የ1977 ዓ.ም. ረሃብን የሚያሳየው የቢቢሲ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ከወሎ የመጡ አጎቴ እኛ ቤት ነበሩ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩና፣ “እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም እንዴ?” አሉ። ያ ፊልም የዓለምን ልብ አራርቶ እህል እንዳስመጣ አውቃለሁ። የአጎቴ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በሀብታሟ አሜሪካ፣ የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርበት የምሥራቅ ኬንታኪ ተራራማ አገር፣ ሰው ሞቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በድህነት ላይ ጦርነት አውጀው ወደዚያ ሄዱና ሥራ ካጣ አባወራ ጋር ደጃፉ ላይ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወዲያማ አገሩን ካሜራ አጥለቀለቀው። የዘመመ ቤትና ባዶ እግሩን የቆመ ሕፃን ሲቀረጽ ከረመ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967 ሂዩ ኦኮነር የተባለ ካናዳዊ የፊልም ባለሙያ፣ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ ማዕድን ቆፋሪን አስፈቅዶ በኪራይ ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀርጸው ነበር። አከራዩ ሆባርት አይሰን ሽጉጥ ይዞ መጣ፤ ከመሬቴ ውጡ ብሎ ተኮሰ። ኦኮነር ሞተ። ብዙ የአገሬው ሰው ግን ያዘነው ለገዳዩ ነበር። የመጀመሪያው ችሎት ዳኞቹ መስማማት አቅቷቸው ተበተነ። በኋላ ጥፋቱን አምኖ 10 ዓመት ቢፈረድበትም አንድ ዓመት ታስሮ ተፈታ። ግድያውን ጤነኛ ሰው አይደግፈውም። የሰዉ እፍረትና ንዴት ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ታሪኩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በዚያው አውራጃ፣ ዋይትስበርግ ከተማ ውስጥ፣ በፀረ ድህነቱ ገንዘብ ለወጣቶች የፊልም ሥልጠና ተከፈተ። የታሰበው ሙያ ተምረው ሌላ ቦታ ሥራ እንዲይዙ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ሲቋረጥ ታዲያ ብዙዎቹ መሄዱን ትተው ካሜራውን ይዘው እዚያው ቀሩ። አፓልሾፕ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ቆመ። የጎረቤታቸውን የከብት አራጅና የወንበር ሠሪ ሙያ ከነስማቸው ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የከሰል ኩባንያ ግድብ ተደርምሶ 125 ሰው ሲያልቅ፣ “የእግዜር ቁጣ ነው” የተባለውን በፊልም ተሟገቱት። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ የአካባቢያቸውን ታዳጊዎች ማሠልጠን ያዙ። ከዚያው አካባቢ የበቀለችው ኤልሳቤጥ ባሬት የኦኮነርንና የአይሰንን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ፊልም አነሣችው፤ ለሁለቱም ወገን ጆሮ ሰጥታ።

እኛም አገር “የተቸገሩ ወጣቶችን ቪዲዮ እናስተምር” ሲባል ደስ ይለኛል። ዛሬ ካሜራ በየስልኩ አለ። ቁም ነገሩ ወዲህ ነው፦ ምን እንደሚቀረጽ ማን ይወስናል? የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቅር የሚለውስ ማነው? ልጁ ካሜራውን ተሸክሞ ለጋሹ የሚፈልገውን እንባ ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ፣ ገና ተቀጣሪ ነው። ልጁ የሚቀርጸውን ራሱ ሲመርጥ ግን ሰዎቹን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ስማቸውን ያውቃላ!