የሳዑዲ ዐረቢያ መልክዓ ምድር፦ ወንዝ የሌላት ሰፊ አገር

ሳዑዲ ዐረቢያ ለእኛ ከሁሉም በፊት የሁለቱ ቅዱሳን መስጂዶች አገር ናት። ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙ፣ ለሥራም እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስለ ምድሯ ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን «በረሃ ነው» ብለን እናልፋለን። በረሃነቱ እውነት ቢሆንም ጥድ የሚበቅልበት ተራራ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ፣ ሰፊ አምባና የተምር ጫካም አላት። በዚህ ጽሑፍ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተጓዝን ዋና ዋናዎቹን እንመለከታለን። ውሃው የት እንደሚገኝ፣ ጎርፉና ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነውና ይህን ማወቅ ለሑጃጅም ለነዋሪም ይጠቅማል።

ጠቅላላ አቀማመጥ

የአገሪቱ ስፋት 2.15 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ያህላል። ከዐረቢያ ባሕረ ገብ መሬት አብዛኛውን ክፍል ትይዛለች። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ከሌላቸው የዓለም አገሮች በስፋት የመጀመሪያዋ ናት።

መሬቱ በምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። ምክንያቱ ከእኛም አገር ጋር የተያያዘ ነው። የዐረቢያ ምድር ቀድሞ ከአፍሪካ ጋር አንድ ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ጀምሮ ምድሩ እየተሰነጠቀ ሲራራቅ በመካከሉ ቀይ ባሕር ተፈጠረ፣ ዳርና ዳሩም ወደ ላይ ተነሣ። ይህ ስንጥቅ አፋር ላይ ከስምጥ ሸለቆ ጋር ይገናኛል። መራራቁ ዛሬም አልቆመም።

ቲሃማና የምዕራብ ተራሮች

ቀይ ባሕርን ተከትሎ የተዘረጋው ጠባብ ሜዳ ቲሃማ ይባላል። ሞቃትና ወበቃማ ነው፤ ጅዳና ጂዛን በዚህ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ከሜዳው በስተምሥራቅ የሰረዋት ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። የሰሜኑ ክፍል ሒጃዝ ሲባል የደቡቡ ዐሲር ይባላል።

ከሁሉም ከፍ የሚለው ዐሲር ነው። በአብሃ ከተማ አካባቢ ያሉት ጫፎች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ከባሕር የሚመጣውን እርጥበት ስለሚያስቀሩ ከአገሪቱ የተሻለ ዝናብ የሚዘንበው እዚህ ነው። ጥዱን፣ በእርከን የተሠራውን ማሳና የዝንጀሮውን መንጋ ያየ የአገራችን ደገኛ እንግድነት ላይሰማው ይችላል። በዚያው በደቡብ በኩል፣ በየመን ድንበር ያለው ተራራማ ምድር ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን በእግር ሊያቋርጡ ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ያጡበት ነው።

መካ፦ በተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ

መካ በቲሃማና በተራሮቹ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ቤተሰባቸውን ያሰፈሩበት ቦታ አዝመራ የማይበቅልበት ሸለቆ መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ ኢብራሂም (አንቀጽ 37) ይገልጻል። ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ራቁት ድንጋይ ናቸው። ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሱታል። ከመካ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለችው ጧኢፍ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ነፋሻ ናት።

ድንጋዩ ውሃ ስለማያሰርግ ተራሮቹ ላይ የወረደ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ካዕባ የሚገኘው በዚሁ ሸለቆ ዝቅተኛ ስፍራ ነው። በ1039 ሒጅራ (1630 እ.ኤ.አ) የገባው ጎርፍ የካዕባን ግድግዳ በማፍረሱ በሱልጣን ሙራድ አራተኛ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። በ1941ም ሐረሙ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። የነጅድ ሰዎች ሚቃት የሆነው ቀርነል መናዚል ዛሬ አስ-ሰይሉል ከቢር ይባላል፤ ትርጉሙ «ትልቁ ጎርፍ» ነው። በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ፣ ልክ በተርዊያህ ቀን፣ ጅዳ ላይ የወረደው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የዘምዘም ጉድጓድም ከዚሁ አቀማመጥ ጋር ይያያዛል። ጥልቀቱ 30 ሜትር ገደማ ሲሆን ውሃው በሸለቆው አሸዋና ጠጠር፣ ከሥሩም ባለው የተሰነጣጠቀ ዐለት ውስጥ አልፎ ይመጣል።

መዲናና ጥቁሩ ድንጋይ

በምዕራብ ሳዑዲ ሐራ የሚባሉ ሰፋፊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳዎች አሉ። መዲና በምሥራቅም በምዕራብም በሐራ የተከበበች ናት። ፈረሰኛ ጦር በዚህ ሹል ድንጋይ ላይ ማለፍ ይከብደዋል። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ጉድጓዱ የተቆፈረው በሰሜን በኩል ባለው ክፍት ቦታ የሆነውም ለዚህ ነው። በ654 ሒጅራ (1256 እ.ኤ.አ) ከመዲና ደቡብ ምሥራቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለ52 ቀናት ያህል ፈስሷል። በሐዲስ የተነገረው የሒጃዝ እሳት ይህ መሆኑን ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል።

ነጅድና የአሸዋ ባሕሮች

ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ነጅድ የሚባለው ሰፊ አምባ ይጀምራል። ሪያድ በዚህ ላይ ትገኛለች። አምባውን የጡወይቅ ገደል ለ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ያቋርጠዋል። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞሉ ዋዲዎች (ደረቅ የወንዝ ሸለቆዎች) በየቦታው አሉ። ከተሞችና የተምር እርሻዎች ከጥንት ጀምሮ የተመሠረቱት በእነዚህ ዳር ነው።

ነጅድን አሸዋ ከብቦታል። በሰሜን ቀይማ አሸዋ ያለው ነፉድ፣ በደቡብ ሩብዕ አል-ኻሊ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ደህናእ ነው። ሩብዕ አል-ኻሊ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከየመን፣ ከዑማንና ከኢማራት ጋርም ይዋሰናል። በዓለም ትልቁ ያልተቋረጠ የአሸዋ በረሃ ነው።

የምሥራቁ ዝቅተኛ ምድር

ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲቃረብ መሬቱ ዝቅ ይላል። ከሥሩ ያለው ደለል ዐለት ነዳጅንም ውሃንም ያከማቸ ነው። በ1938 በዘህራን ነዳጅ ለገበያ በሚበቃ መጠን ተገኘ። በዚሁ አካባቢ ያለው አል-አሕሳእ 2.5 ሚሊዮን ያህል የተምር ዛፎች ያሉበት፣ በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ለምለም ስፍራ ነው።

ከምድር በታች ያለው ውሃ አብዛኛው ዝናብ በብዛት በሚጥልበት በጥንት ዘመን የተጠራቀመ ነው። ዛሬ የሚጥለው ትንሽ ዝናብ አይተካውም። መንግሥት በ1980ዎቹ በዚህ ውሃ በረሃው ላይ ስንዴ አምርቶ ወደ ውጭ እስከ መላክ ደርሶ ነበር። የውሃው ክምችት ክፉኛ በመቀነሱ ግን በ2008 ምርቱን ደረጃ በደረጃ ለማቆም ወሰነ። አሁን ከተሞቹ የሚጠጡት አብዛኛው ውሃ ጨው የተለየለት የባሕር ውሃ ነው።

ለሑጃጅ ምን ማለት ነው?

በ2024 ሐጅ በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። ከሟቾቹ 83 በመቶ ያህሉ ያለ ፈቃድ የገቡ፣ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ስለዚህ ለሐጅ የምንሄድ ሁሉ በፈቃድ እንሂድ፤ በቀትር ከመጓዝ እንቆጠብ፤ ጥላና ውሃ አይለየን። ሰማይ ከጠቆረ ዋዲ ውስጥ አንቁም፤ ጎርፉ ከሩቅ ዘንቦ ሊመጣ ይችላል። ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። አላህ ሐጁን ለሁላችንም ይወፍቀን፤ በሰላም ሄዶ ለመመለስም ያብቃን።