ከሰይጣን ቤት እስከ ኢምፔሪያል

አዲስ አበባ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤቷ ያወጣችለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነው። ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው ሥፍራ አጠገብ የነበረው ይህ ቤት ስሙን ያገኘው ከባለቤቱ ወይም ከማስታወቂያ ሠሪ አይደለም፤ ከሕዝቡ ነው። በጨለማ ክፍል፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሥጋና ደም የሌላቸው ሰዎች ሲራመዱ ያየ የዚያ ዘመን ሰው ነገሩን ከሰይጣን በቀር ለማን ይስጠው? ስያሜው ግን አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ፣ ቤቱ በዚህ ስም እየተጠራም ሰው መግባቱን አለመተዉ ነው። «እዚያ ሰይጣን አለ» የተባለ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ለልብ አንጠልጣይ ፊልም ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በከተማችን የተጻፈ አይመስለኝም፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም በተቃዋሚዎቹ አፍ።

ይህን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በምኖርበት በኢምፔሪያል አካባቢ በስልካቸው ፊልም የሚሠሩ ተማሪዎች አላጣሁም። የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ልብ አንጠልጣዩን ዓይነት ነው፤ የሚሠሩትም ሙሉውን ፊልም ሳይሆን መክፈቻውን ብቻ ነው፤ ለቀሪው ገንዘቡም ጊዜውም የላቸውም። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ እኩዮቻችንን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች እንዴት እንያዛቸው? መልሱን ከሆሊውድ ከመፈለጋቸው በፊት፣ የዚህች ከተማ ታዳጊዎች በየዘመኑ በምን እንደ ተያዙ ቢመረምሩ ይበጃቸዋል እላለሁ።

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። አዘጋጁ ላምብሮስ ጆካሪስ፣ ፕሮዲውሰሩ ኢላላ ኢብሳ ነበሩ። ስለ ፊልሙ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የእኔ ዐይን ግን ሁልጊዜ የሚያርፈው በርዕሱ ላይ ነው። ርዕሱ ጥያቄ ነው። በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ወጣት ግድግዳው ላይ ያን ጥያቄ አንብቦ ሲያልፍ፣ ጥያቄው አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አገራችን ፊልም የጀመረችው እንቆቅልሽ በሚመስል ርዕስ ነው ማለት ነው።

እንቆቅልሽን ካነሣሁ አይቀር ጥቂት ልቆይበት። ጠያቂው ነገሩን ዘርዝሮ አይጀምርም። በመጀመሪያ «እንቆቅልሽ!» ይላል፤ ሰሚውም «ምን አውቅልህ!» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሰላምታ አይደለም፤ ውል ነው። ሰሚው «ምን አውቅልህ» ባለ ጊዜ ወደ ጨዋታው ገብቷል፤ መውጫው መልሱ ብቻ ነው። መልሱ ከጠፋው ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ምሽት ላይ እሳት ዳር ተቀምጦ ጎንደርን ወይም ሐረርን የሰጠ ልጅ፣ ጨዋታ መሆኑን እያወቀ እንኳ የሆነች ነገር ከእጁ ስትወጣ ይሰማዋል። ጥያቄ፣ ውልና የሚያስከፍል ዋጋ፦ ለልብ አንጠልጣይ መክፈቻ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» የደም ካሳን ነገር ይዞ መጣ። እዚያም ዋጋው ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው።

ቀጥሎ በመጣው ዘመን ግን ታዳጊውን የያዘው ፊልም አልነበረም፤ መጽሐፍና ራዲዮ ነበሩ። ሰዓት እላፊ በታወጀባት ከተማ ወጣቱ ማታውን የሚያሳልፈው ቤቱ ተከቶ ነው። ማሞ ውድነህ በአማርኛ ያቀረቧቸው የስለላ መጻሕፍት የዚያን ትውልድ ምሽት ሞልተውታል። «የኛ ሰው በደማስቆ» በደማስቆ ከፍተኛ ባለሥልጣናት መካከል በሐሰት ማንነት የኖረውን የእስራኤል ሰላይ የኤሊ ኮኸንን ታሪክ ይተርካል። የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ሶርያ ፖለቲካ ምን ግድ አለው? ነገር ግን ጎረቤትህ የሚመስልህን ሰው አለመሆኑ፣ ወዳጅ ፊት መስሎ መቀመጡ፣ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለነበረ ልጅ እንግዳ ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ስለ ሩቅ አገር እያወራ የሚነካው ቅርብ ያለውን ፍርሃት ነበር።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ፍርሃቱን ወደ ራሳችን ደጃፍ አመጣው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍቅር፣ ስለላና ጦርነት ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የታገደው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። እገዳ አንባቢ ያበዛል የሚለውን አባባል ስሰማ ግን ደስ አይለኝም፤ የዚህ «ማስታወቂያ» ዋጋ የሰው ሕይወት ነበርና።

ራዲዮውን በተመለከተ ወጋየሁ ንጋቱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰሙ ሰዎች ከቃላቱ ይልቅ የሚያስታውሱት ዝምታዎቹን ነው። ልብ ወለዱ ልብ አንጠልጣይ ከሚባሉት ወገን አይደለም። ሆኖም አንድ ሰው በድምፁ ብቻ፣ ያለ ምስል፣ ያለ ተዋናይ፣ ቤተሰብን በሙሉ ትንፋሽ አስይዞ ማቆየት እንደሚችል እዚያ ታይቷል። ገንዘብ የሌለው የፊልም ተማሪ ይህን ከልቡ ሊያጠናው ይገባል፤ ዝምታ አይከራይም።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች መጡ። ስለ እነርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚጽፉት ሰዎች ድሮ እዚያ መግባታቸውን መናገር የሚያፍሩ ይመስለኛል። እኔ አላፍርም። በየሰፈሩ በቆርቆሮ ወይም በጭቃ ቤት ውስጥ፣ በርጩማና በአግዳሚ ተደርድረን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ከአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ስንት ከሰዓት አልፏል! የውጭ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የዕለቱ ፊልም ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የፊልሙ ርዕስ ሳይሆን የተዋናዩ ስም ነው፦ አርኖልድ፣ ራምቦ፣ ቫን ዳም፣ ወይም እንዲሁ «ህንድ» ብቻ። ርዕሱን ማን ያነባል! እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሚመስለው አንድ ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ተቀምጦ ይተረጉማል፤ ትርጉሙ ከፊልሙ ጋር ባይገናኝም ሰው ይወደዋል፤ አንዳንዴም ከፊልሙ ይልቅ እርሱ ይሻል ነበር።

ዋናው ነገር ግን ከቤቱ ውጭ የሚሆነው ነው። ሳንቲም ያጡ ልጆች ከግድግዳው ሥር ተደግፈው ያዳምጣሉ። የመስተዋት መሰበር፣ የሴት ጩኸት፣ የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ ድንገት ጸጥታ። ከውስጥ ያለው ተመልካች «ዋይ!» ሲል ከውጭ ያለው ልጅ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ አለማወቁም ሊገድለው ይደርሳል። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ የሰማኋቸው ፊልሞች ውስጥ ገብቼ ካየኋቸው ይልቅ አስፈሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የታየው «ጆውስ» ሲሠራ ሜካኒካል ሻርኩ በባሕር ጨው እየተበላሸ ስላስቸገረ ስቲቨን ስፒልበርግ እንስሳውን ከማሳየት ይልቅ መደበቅ ግድ ሆነበት። በመክፈቻው የሌሊት ዋና ላይ የምናየው ልጅቷንና ውኃውን ብቻ ነው፤ የሚጎትታትን አናይም። እርሱ በብልሽት ያገኘውን ነገር የእኛ ሰፈር ልጆች በሳንቲም እጦት አግኝተውታል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ ዳግም ተነሣ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከቀደሙት አንዱ ነው። ወጣቱ በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ተሰለፈ። ቦሌ መድኃኔዓለም ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ ሲከፈትም የቦሌና የገርጂ ታዳጊዎች ሆሊውድን በትልቅ መጋረጃ ማየት ቻሉ። በዚያው ሰሞን የአማርኛው ፊልም ወደ ፍቅርና ወደ ቀልድ አደላ። ይህን በንቀት አልናገረውም፤ የሳቀ ተመልካች ከፋይ ተመልካች ነው። ግን አስፈሪው፣ አጠራጣሪው፣ ጥያቄ የሚያንጠለጥለው ነገር ለውጭ ፊልም ተተወ፤ ታዳጊውም ሲስቅ በአማርኛ፣ ሲፈራ በእንግሊዝኛ ሆነ። ፍርሃቱን በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ የራሱን ከተማ ሌሊት በምን ዓይን ያየዋል?

«የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ «ሰው ለሰው»ን አስታውሳቸዋለሁ። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ረቡዕ ምሽት ሲተላለፍ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ልጅ አዋቂው ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቅ ነበር። ትዕግሥት ያጣው ወጣቱ አልነበረም፤ የሚያስታግሠው ነገር ነበር የጠፋው።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት የሚዲያ ትምህርት የሚወስዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ የፊልም መክፈቻ ከነርዕሱ እንዲሠሩ፣ ከዚያም «ተመልካቻችሁን እንዴት ሳባችሁ?» ለሚል ጥያቄ እንዲመልሱ ይደረግ ነበር። ከእነዚያ ሥራዎች ያየኋቸው ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፦ ጫካ፣ ኮፍያውን የደፋ ሰው፣ ቢላዋ፣ የምትሮጥ ልጅ። ባለፈው ክረምት ገርጂ መብራት ኃይል የሚኖሩ አራት ተማሪዎች ያመጡልኝ ሥራም ይኸው ነበር። ጫካውን ፍለጋ እስከ እንጦጦ ድረስ ወጥተዋል!

«ማታ ከቤት ስትወጡ የምትፈሩት ጫካ ነው?» አልኳቸው።

የቡድኑ መሪ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ጥቂት አስባ «አይ ጋሼ፣ ደረጃው ነው» አለችኝ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ መሆኑ ነው፤ መብራት ሲጠፋ። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ሁልጊዜ ከበላይዋ የሆነ ሰው እግር የሚቆም ይመስላታል።

ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን በሦስት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ሲሠራ ከተራ መኖሪያ ሰፈር አልወጣም። መክፈቻው ቤቱን የሚያሳየን በገዳዩ ዓይን ነው፤ ገዳዩ የስድስት ዓመት ልጅ መሆኑን የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሙዚቃውን ራሱ ደረሰው። ተመልካቹም ታዳጊው ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ቤት የታዳጊው ቤት፣ መንገዱም የታዳጊው መንገድ ነበርና። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ስለ ገንዘቡ ብቻ ጠየቁኝ፤ የቀረውን ገብቷቸዋል።

ሁለተኛው ሥራቸው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነው። የሚጀምረው በጥቁር መጋረጃና በአውሮፕላን ድምፅ ነው፤ ኢምፔሪያል አካባቢ የኖረ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። ድምፁ ሲርቅ አንዲት ልጅ በስልኳ መብራት ደረጃ ስትወጣ እናያለን። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሌላ አውሮፕላን ያልፋል፤ የእግሯም ድምፅ በእርሱ ይዋጣል። ጸጥ ሲል የሚሰማው እግር አንድ ብቻ አይደለም። ከላይ የሆነ ሰው በስሟ ይጠራታል፤ በእናቷ ድምፅ። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ይጮኻል፤ መስታወቱ ላይ የሚነበበው «እማዬ» ነው። ርዕሱ እዚያ ላይ ይወጣል።

በግሌ ርዕሱን አልወደድኩትም፤ የእንግሊዝኛ ቃል ነበርና ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም። ያሳዩት በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ ነጭ አንሶላ ወጥረው ነው። ወንበሩ ሃያ ሲሆን የገባው ልጅ ከእጥፉ በላይ ነበር፤ በሩም ተዘጋ። እኔ አርፍጄ ስለ ደረስኩ ቦታ አላገኘሁም፤ በሩ ላይ ከቀሩት ልጆች ጋር ውጭ ቆሜ አዳመጥኩ። አውሮፕላኑ አለፈ፤ እግሩ ተሰማ፤ ስልኩ ጮኸ። ከውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮኹ አጠገቤ የነበረች ትንሽ ልጅ እጅጌዬን ይዛ «ጋሼ፣ ምን ሆነች?» አለችኝ፤ እኔም ግቢና እዪ አልኳት።