የፕላስቲኩን ሮማዊ ወታደር ማን ቀረጸው?

እስቲ አንድ የሮማ ወታደር መዳፋችሁ ላይ እንደቆመ አስቡ። ከእግሩ እስከ ዓይኑ 28 ሚሊሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ግማሽ ብዙም አይርቅም። ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ደረቱ ላይ የብረት ንጣፎች ተደራርበዋል፤ በግራ እጁ ጋሻ፣ በቀኙ ሰይፍ ይዟል። የጦር ሜዳ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ያሉትን በደርዘን ገዝተው፣ አጣብቀው፣ ቀለም ቀብተው ጠረጴዛ ላይ ያሰልፏቸዋል። ርቀቱን በሜትር ይለካሉ፣ ዕድሉን በዳይስ ይወስናሉ።

አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሰይፉ ስለት ለምን እንዲህ ወፈረ? እጆቹስ ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ ለምን ገዘፉ? ከጎኑ የቆሙት ጓደኞቹ በሙሉ ለምን አንድ ዓይነት ጥሩር ለበሱ? "ሮማውያን እንዲህ ስለነበሩ ነው" ብላችሁ ካለፋችሁት ተሸወዳችሁ። ይህን ትንሽ ሰውዬ ሦስት ነገሮች ተባብረው ቀርጸውታል፦ ማስረጃ፣ ብረት እና ገንዘብ። የትኛው የትኛውን እንደቀረጸ መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ የታሪክ ትምህርት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊት ከሌለው ጡብ እስከ ፕላስቲክ ወታደር

በጠረጴዛ ላይ መዋጋት ሲጀመር የልጆች ጨዋታ አልነበረም። በ1780 ብራውንሽቫይግ በተባለችው የጀርመን ከተማ ሄልቪግ የሚባል የሒሳብ መምህር ቼዝን አስፍቶ፣ ወንዝና ተራራ ጨምሮ፣ የጦር ስልት ማስተማሪያ አደረገው። በ1824 ደግሞ ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መኮንን ካርታና ዳይስ የሚጠቀም የተሻሻለ ጨዋታ ለሠራዊቱ አቀረበ፤ መኮንኖችም ሠለጠኑበት። በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ክፍለ ጦር ማለት ቀለም የተቀባች ትንሽ ጡብ ናት። ፊት የላትም፣ ጥሩርም የላትም። መኮንኑ የሚያስፈልገው የጦሩ ቦታ እንጂ የወታደሩ ልብስ አይደለም።

ፊት ያላቸው ወታደሮች የመጡት በሌላ መንገድ፣ በአሻንጉሊት ሠሪዎች በኩል ነው። በኑረምበርግ ከተማ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ እያቀለጡ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ይሠሩ ነበር። ሁለት የጥቁር ድንጋይ ንጣፎች ላይ ምስሉ በጥንቃቄ ይፈለፈላል፤ ንጣፎቹ ይገጥማሉ፤ ብረቱ በመካከላቸው ይፈሳል። የሚወጣው ወታደር እንደ ሳንቲም ስስ ስለሆነ ከፊት ብታዩት መስመር ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ወደ ጎን እያዩ ይራመዳሉ። ልብ በሉ፦ ወታደሩ ወዴት እንደሚያይ የወሰነው የጦር አዛዥ ሳይሆን ድንጋዩ ነው።

በ1893 ለንደን ውስጥ ዊልያም ብሪተን ሌላ ዘዴ አመጣ። የቀለጠውን እርሳስ ቅርጹ ውስጥ ካፈሰሱ በኋላ፣ ውጪው ብቻ እንደረጋ መሐሉን መልሶ መገልበጥ። ወታደሩ ውስጡ ባዶ ሆነ፣ ብረት ቆጠበ፣ ዋጋውም ወረደ። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ባሳተመው የጨዋታ መመሪያ እንዲህ ያሉትን ወታደሮች ወለል ላይ አሰልፎ በአሻንጉሊት መድፍ የእንጨት ጥይት ይተኩስባቸው ነበር። በ1959 ደግሞ ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሳጥን የታሸጉ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን መሸጥ ጀመረ። ያኔ አንድ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ የጦር ሠራዊት መግዛት ቻለ። ፕላስቲኩ ግን ለስላሳ ነበር፤ ጦር ይጎብጣል፣ ቀለም ይላላጣል። ዛሬ መዳፋችሁ ላይ ያቆምነው ጠንካራው፣ ተቆራርጦ የሚገጣጠመው የ28 ሚሊሜትር ታሪካዊ ወታደር በብዛት የመጣው ከ2000ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው።

ብረቱ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

እዚህ ላይ ምህንድስናው ይገባል። ዘዴው ኢንጀክሽን ሞልዲንግ ይባላል። ሁለት የብረት ግማሾች ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው የወታደሩ ቅርጽ ተቦርቡሮ ባዶ ቀርቷል። ይህ የብረት ቅርጽ በፋብሪካ ሰው አፍ ሞልድ ነው። 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ይገባል፤ በሰኮንዶች ውስጥ ይጠነክራል፤ ብረቶቹ ይላቀቃሉ፤ ፕላስቲኩ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያ እንደገና፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ።

ቤታችሁ ያለውን የፕላስቲክ ባልዲ እዩት። አፉ ከታቹ ይሰፋል አይደል? ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ሲወጣ ከብረቱ ጋር እየተፋጨ ያስቸግር ነበር። አፉ የጠበበ ቢሆን ደግሞ ሁለቱ ብረቶች ብቻቸውን ሊያወጡት አይችሉም ነበር። ወታደሩም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። ብረቱ ሲላቀቅ የሚያያዝ ጎድጓዳ ወይም የተቆለመመ ነገር ሁሉ ክልክል ነው፤ መሐንዲሶች አንደርከት ይሉታል። ጋሻን ደረት ላይ አስጠግቶ የያዘ ወታደር አንድ ወጥ ሆኖ አይወጣም፤ በጋሻውና በደረቱ መካከል የገባው ብረት መውጫ የለውም። ስለዚህ ቀራጩ ሰውየውን ይቆራርጠዋል፦ ራስ ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ጋሻ ለብቻ። እናንተ ቤት ሆናችሁ ታጣብቁታላችሁ።

የሀገራችን ነሐስ አፍሳሾች ይህ ጣጣ የለባቸውም። መስቀሉን በሰም ይቀርጻሉ፣ በጭቃ ይሸፍናሉ፣ ሰሙን አቅልጠው ያወጡና በቦታው ነሐስ ያፈሳሉ። መጨረሻ ላይ ጭቃው ይሰበራል። ስለሚሰበር የፈለጉትን ያህል ሐረግ ማጠላለፍ ይችላሉ፤ ግን አንድ ጭቃ አንድ መስቀል ብቻ ይሰጣል። የብረት ሞልድ ተቃራኒው ነው። ብዙ ይሰጣል፣ በዚያው ልክ ብዙ ይከለክላል።

ውፍረቱስ? እስቲ እናስላው። ወታደራችን ከእውነተኛው ሰው 56 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር የሆነ የጦር ብረት ለ56 ሲካፈል 0.125 ሚሊሜትር ይመጣል። ይሄ ከደብተር ወረቀት ብዙም አይበልጥም። የቀለጠው ፕላስቲክ እንዲህ ወዳለ ቀጭን ጉድጓድ እስከ ጫፍ ሳይደርስ ሊረጋ ይችላል፤ ቢደርስም መጀመሪያ ስትነኩት ይሰበራል። ስለዚህ ቀራጩ ጦሩን ያወፍራል። ጦሩ ከወፈረ የሚይዘው እጅም መግዘፍ አለበት። ገዛፊው እጅ እንግዲህ የሮማ ሳይሆን የፕላስቲክ ነው።

ቀራጮች ለረጅም ጊዜ ዋናውን ቅርጽ በእጅ፣ በሚጠነክር ሊጥ መሰል ማጣበቂያ፣ ሦስት እጥፍ አግዝፈው ይሠሩ ነበር። ከዚያ ፓንቶግራፍ የተባለ መሣሪያ ትልቁን ቅርጽ እየዳሰሰ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሶ ብረቱ ላይ ይቆርጠዋል። የመሣሪያው ሐሳብ ጥንታዊ ነው፤ ሻይነር የተባለ ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በ1603 ሥዕል ለመቅዳት የሠራው ነው። ዛሬ ብዙው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ያልቃል።

ወታደሩ ምን ለብሶ ነበር?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ያ በንጣፍ የተደራረበ ጥሩር ከየት መጣ?

በብዛት ከአንድ ሐውልት ነው። ሮም ውስጥ የቆመው፣ በ113 የተመረቀው የትራጃን ዓምድ ከ2,500 በላይ ምስሎች ዙሪያውን እየተጠመጠሙ ወደ ላይ ይወጡበታል። የንጉሠ ነገሥቱን የዳሲያ ዘመቻ (የዛሬዋ ሩማንያ) ይተርካል። በዚያ ላይ የሌጌዎን ወታደር የብረት ንጣፍ ጥሩር ይለብሳል፤ ረዳት ጦር ደግሞ በአብዛኛው የሰንሰለት ጥሩር። ግልጽ ነው፣ ለዓይንም ምቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሠዓሊ፣ ፊልም ሠሪና አሻንጉሊት ሠሪ ይህንኑ ቀዳ።

ነገር ግን ሌላ ምስክር አለ። በዚያው በዳሲያ ጦርነት አካባቢ፣ አዳምክሊሲ በተባለው የሩማንያ ስፍራ፣ በ109 የድል ሐውልት ቆሟል። እዚያ ያሉት የሌጌዎን ወታደሮች የሰንሰለትና የቅርፊት ጥሩር ለብሰዋል፤ የሰይፍ ክንዳቸውንም በብረት ሸፍነዋል። ጦርነቱ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ልብሱ ሌላ! ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚሉት፣ የሮማው ቀራጭ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ከታች ሆኖ እንዲለይ ብሎ ልብሱን አስተካክሏል ነው። አይፈረድበትም፤ እሱም የራሱ ገደብ ነበረበት።

ንጣፉ ጥሩር ግን ፈጠራ አይደለም። በ1964 ሰሜን እንግሊዝ፣ ኮርብሪጅ፣ ከመሬት በተቆፈረ ሳጥን ውስጥ የዚህ ጥሩር ክፍሎች ተገኙ። ንጣፎቹ በውስጥ በቆዳ ማሰሪያ እንዴት እንደሚያያዙ በደንብ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሮማዊና ከዚያ በኋላ የተሠራው በትከሻው ላይ ሊለያዩ የሚችሉት ለዚህ ነው።

ጥሩ ቀራጭ በዚህ ብቻ አይበቃውም፤ ልብሱ ሰው ላይ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። አለንና ማይክል ፔሪ የተባሉ እንግሊዛውያን መንትዮች በዚህ ሙያ ስመ ጥር ናቸው፤ የጥንት ጦርነቶችን ልብስ ለብሰው በሚያሳዩ ትርኢቶችም ይሳተፋሉ። በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ ትርኢት ላይ በደረሰ የመድፍ አደጋ ማይክል ቀኝ እጁን አጣ። ከዚያ በግራው መቅረጽ ተማረ፤ በ2001 ወንድማማቾቹ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

ማን ይገዛዋል?

ሦስተኛው ቀራጭ ገንዘብ ነው። የብረት ሞልድ አንዴ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ወታደር ርካሽ ነው፤ ሞልዱ ራሱ ግን እጅግ ውድ ነው። ወጪው የሚመለሰው ሳጥኑ በብዛት ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ ሆነው የሚወጡት ገዢ ያላቸው ጦሮች ናቸው፦ ሮማውያን፣ የናፖሊዮን ወታደሮች፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኞች። ሌላው ወይ በጎማ ሞልድ በብረት ይፈሳል፣ ወይ ጭራሽ አይሠራም። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ጦር ደግሞ በተጫዋቹ አእምሮ ውስጥም ትንሽ ቦታ ነው የሚኖረው።

ይህን ስሌት የቀየረው ባለሦስት ገጽታ ማተሚያ ነው። ሞልድ የለም፤ ፋይሉ ካለ አንድም ማተም ይቻላል፣ ሺህም። ፕላስቲክ መሰሉ ሙጫ በብርሃን እየጠነከረ በስስ ንጣፍ ይገነባል። እንግዲህ የዓድዋን ወታደር (የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም.) ለመቅረጽ የኩባንያ በጀት መጠበቅ ቀርቷል።

ታዲያ ማስረጃውስ? የዓድዋን ባህላዊ ሥዕሎች ብታዩ የኛ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ፤ ጠላት በጎን ተስሎ በአንድ ዓይን ይቀራል። ይሄ የሥዕሉ ሕግ እንጂ የጦር ሜዳው አይደለም፤ ልክ እንደ ትራጃን ዓምድ። ለሁሉም ጎፈርና ጦር ካሸከማችሁ ብዙዎቹ ጠመንጃ እንደያዙ ረሳችሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጠመንጃ ከሰጣችሁ ውጅግራው ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንደነበር ረሳችሁ። ጫማ ካደረጋችሁላቸውም በባዶ እግሩ የተዋጋውን ብዙ ሰው ረሳችሁ።

ስለዚህ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። "በምን አወቅሁ?" "ማተሚያው ምን ከለከለኝ?" "ማን ይፈልገዋል?" ለእያንዳንዱ ቀበቶ፣ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ሙሉት። የመጀመሪያው ዓምድ ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዝጉና ወደ መጻሕፍት ቤት ሂዱ።