«መግለጥ»ን ለባለቤቱ እንተው

ሰሞኑን «መኪናዬን ገለጥኩ» የሚል አነጋገር ጆሮዬን እየቆረቆረኝ ነው። ተናጋሪዋ ልትል የፈለገችው መኪናውን ገና ሳትገዛው በልቧ ደጋግማ አየችው፣ «የኔ ነው» እያለች ተናገረች፣ ኋላም እጇ ገባ ነው። አማርኛው የሚለው ግን ሌላ ነው፤ መኪናው ሸራ ለብሶ ደጅ ቆሞ ነበር፣ እሷም ሸራውን ገፈፈችው።

ይህ «መግለጥ» የእንግሊዝኛው «ማኒፌስቴሽን» ትርጉም መሆኑ ነው። ማኒፌስቴሽን ምን እንደሆነ አንባቢ በጨረፍታም ቢሆን ያውቃል፦ አጥብቀው ያሰቡትና እንደሆነ ቆጥረው የተናገሩት ይሆናል የሚል ትምህርት ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ዎከር አትኪንሰን ስለ «መሳብ ሕግ» እ.ኤ.አ. በ1906 መጽሐፍ አሳተመ። የኒውዮርኩ መጋቢ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 ባወጡት መጽሐፍ ተመሳሳዩን ሐሳብ ከስብከት ጋር አጋቡት። ሮንዳ በርን በ2006 በፊልምና በመጽሐፍ ዓለምን አዳረሰችው፤ የካምብሪጅ መዝገበ ቃላትም «ማኒፌስት»ን የ2024 የዓመቱ ቃል አደረገው።

«መግለጥ» የሚለው ትርጉም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ማኒፌስቴሽን»ን ለመንፈስ ቅዱስ መገለጥ ይጠቀምበታል፤ የእኛም ተርጓሚዎች በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 በዚሁ ግሥ በትክክል መልሰውታል። ግን «ገለጠ» ማለት ክዳን አነሳ፣ ግርዶሽ ገፈፈ ነው። መጋረጃ ይገለጣል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ምሥጢር ይገለጣል፤ ሁሉም አስቀድመው የነበሩ ናቸው። የሌለ ነገር አይገለጥም። ክርስቲያን «አምላክ በሥጋ ተገለጠ» ሲል፣ ከጥምቀት በኋላ ያለውንም ወቅት ዘመነ አስተርእዮ ሲለው፣ ከዘላለም የነበረው ታየን ማለቱ ነው። ይህን ቃል ለመኪናና ለቪላ ማዋል ቋንቋውንም እምነቱንም ይጎዳል።

«ማወጅ» የሚሉም አሉ። አዋጅን ግን የሚያስነግረው ባለሥልጣን ነው፤ እኛን በነገር ሁሉ ላይ ማን ሾመን? «መሳብ ሕግ»ን «የስበት ሕግ» የሚሉት ደግሞ ተማሪውን ከኒውተን ጋር ያምታቱበታል። «ማኒፌስት ማድረግ» ብሎ መተው ከሁሉ ይቀላል፤ ሆኖም ያልገባንን ቃል አንመረምረውም፣ ትምህርቱም ሳይመረመር ከቃሉ ጋር አብሮ ይገባል።

የኔ ምርጫ «በምኞት ማስገኘት» ነው። «አስገኘ» ያልነበረውን አመጣ ማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራን አስገኚ የሚሉትም ፈጣሪን ነው። ምኞት የሰው ነው፤ አይከለከልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትምህርቱ የሚለው ሳይሸፋፈን ይወጣል፦ የሰው ምኞት የፈጣሪን ሥራ ይሠራል። ክርስቲያን «አይሠራም» ማለት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ካልጠራ ግን በምን ላይ እንደሚከራከር እንኳ አያውቅም።

የሚመኘውን ከሚለምነው ለመለየት ግእዙም ያግዘናል። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ «ሰአለ» ለመነ ነው፣ ስእለትም ከዚህ ይወጣል። ዛሬ በድምፅ አንለያቸውም፤ በሥራ ግን ይለያያሉ። ባለምኞቱ የሚሻውን በሐሳቡ ይሥላል። ቁልቢ ገብርኤል ደጅ የቆመች ሴት ግን «ልጅ ብታሰጠኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ትሳላለች። ያቺ «ብ» የልመናው ልብ ናት፤ ላይሰጠኝም ይችላል ማለት ናት። በማስገኘት ትምህርት ውስጥ «ብ» ቦታ የላትም፤ ጥርጣሬ ትባላለች። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን ፈቃዱን ለአብ ተወ፤ በዚያ ትምህርት ሚዛን ይህም ጸሎት «አሉታዊ» ሊባል ነው።

ከማኒፌስቴሽን ጋር አብሮ የሚነገረው «አዎንታዊ አስተሳሰብ»ም አይጥመኝም። አዎንታና አሉታ የሰዋስው ቃላት ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ይለያሉ እንጂ ልብን አይመዝኑም። «ቀና አስተሳሰብ» ይሻላል። ቅናትን ያስታውሳል የሚሉ አሉ፤ ዐውዱ ይለየዋል። ቅንና ቅንነት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቀና ማሰብ ሁሉ ይሆንልኛል ማለት አይደለም፤ ሐሳብን ከጠማማነት ማራቅ ነው። ጳውሎስ የፊልጵስዩስ ምእመናን እውነትና ንጹሕ የሆነውን እንዲያስቡ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው፤ ሰንሰለቱ እንደሌለ አድርጎ አልጻፈም። እኛም መንገደኛን ስንሸኝ «ይቅናህ» እንላለን እንጂ «አቅና» አንለውም።